ያየ አይመርጥም

የትናንሽ ጋለሪዎች የቡድን ዐውደ ርእይ ጥቆማ ኮሚቴ 14ኛ መደበኛ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው
ቦታ፦ ሦስተኛ ፎቅ፣ የጠረጴዛው አንድ እግር በካርቶን የተደገፈበት ክፍል
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ 8፡50 ተጀመረ
የተገኙ፦ ሰብሳቢው፣ ሐያሲው፣ የባህል ክፍል ኃላፊዋ፣ ፍሬም ሠሪው፣ እኔ ጸሐፊው (ድምፅ የለኝም)
ያልተገኙ፦ የሠዓልያን ተወካይ (እስካሁን አልተመረጠም)
ምልዓተ ጉባኤ፦ ሦስት ድምፅ ሰጪ ስለሚበቃ ተሟልቷል

አጀንዳ 1፦ በዚህ ወር ለነዋሪው የሚጠቆመውን ዐውደ ርእይ መምረጥ

የቀረበው አንድ ብቻ ነው፤ ከልብስ ስፌት ቤቱ በላይ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ጋለሪ ሰባት ወጣቶች በጋራ ያሳዩት። ባለ ጋለሪዋ በማመልከቻዋ፣ በጥቆማ ዝርዝሩ ካልወጣች አከራዩ ወር ሲያልቅ ክፍሎቹን የጎማ መጋዘን እንደሚያደርጋቸው ገልጻለች። ውሳኔውን ለመስማት ከጠዋት ጀምሮ ኮሪደር ላይ ቆማለች። ወንበር ይሰጣት የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ በአጀንዳ ስላልተያዘ ታልፏል።

ፍሬም ሠሪው ዐውደ ርእዩን ሁለት ጊዜ አይቶ ሁለቴም ማልቀሱን ተናገረ። ሰብሳቢው ወዲያው የደንቡን አንቀጽ 6 አነበቡ፦ "ዐውደ ርእዩን ያየ አባል ልቡ ስለሚያደላ ድምፅ አይሰጥም።" ሲያብራሩም "ነገር በዓይን ይገባል፤ እኛ ዓይናችንን ጠብቀን ነው እዚህ የደረስነው" ብለዋል። ፍሬም ሠሪው "ጋሼ፣ ያላዩት አገር አይናፍቅም እኮ! ምኑን ብላችሁ ነው ለሰው የምትጠቁሙት?" ቢልም እንዲወጣ ተደርጓል። በሩን የዘጋበት ድምፅ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ሐያሲው ጠይቀዋል፤ ተይዟል።

ሐያሲው በሃያ ዓመት ሥራቸው የጋለሪ ደጃፍ ረግጠው እንደማያውቁ በኩራት አስታውሰው፣ ሥራዎቹ "በቀለምና በዝምታ መካከል ያለውን ውጥረት ይሞግታሉ" አሉ። ኃላፊዋ ይኸው ዐረፍተ ነገር ላለፈው ወርም፣ ከዚያ በፊት ለነበረውም ማገልገሉን ጠቆሙ። ሐያሲው ጥሩ ዐረፍተ ነገር እንደ ጥሩ ካፖርት ለሁሉም ይሆናል በማለት መለሱ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ማንም ስላላየው ማንም እንከን ሊያወጣለት ስላልቻለ፣ ዐውደ ርእዩ እንዲጠቆም በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ውሳኔውን ለባለጉዳይዋ ማሳወቅ

ባለ ጋለሪዋ ተጠርታ ገባች። ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ "እግዜር ይስጥልኝ! ልጆቹ ይህን ሲሰሙ!" ብላ፣ ለምስጋና ከዐውደ ርእዩ ያመጣችውን ሥዕል ከጨርቁ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። በሥዕሉ ላይ ዝናብ ያበሰበሳት ሴት አውቶቡስ ትጠብቃለች። ኃላፊዋና ሐያሲው ወደ ሥዕሉ ተጠጉ። ኃላፊዋ ቀስ ብለው "እህቴን ትመስላለች" አሉ። ሐያሲው ዐረፍተ ነገራቸውን ጀምረው አልጨረሱትም።

ሰብሳቢው በዚህ ጊዜ መነጽራቸውን ይጠርጉ ስለነበር ምንም አላዩም። ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ሁለቱ አባላት አንቀጽ 6ን መጣሳቸውን አስታወቁ። ኃላፊዋ "ጋሼ፣ እርስዎም አንድ ጊዜ ዞር ቢሉ" ብለው ነበር፤ ያየ ሰው አስተያየት ስለማይያዝ አልተያዘም።

ውሳኔ፦ በዚህ ስብሰባ የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ይህም ባላዩት አባላት በሙሉ፣ ማለትም በአንድ ሰው፣ ያለ ተቃውሞ ጸድቋል። እኔ ጸሐፊው አፍሬያለሁ፤ ማፈሬ እንዲሰረዝ ታዟል።

ባለ ጋለሪዋ "ጌታዬ፣ ማየት ጥፋት ከሆነ ለማን ነው የምንሰቅለው?" ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ለሚቀጥለው ወር ተላልፏል።

ስብሰባው 10፡20 ተዘጋ። ሰብሳቢው ግን ሥዕሉ ከክፍሉ እስኪወጣ ድረስ ከግድግዳው አልዞሩም።