የሁለቱ ድስቶች ገና

የጥሩ ቀን ትልቁ ጉድለቱ አለመታወሱ ነው። እስቲ ጥርሱን አሞት የማያውቅ ሰው ስለ ጥርሱ ምን ያወራል? ምንም። ያመመው ግን ቀኑን ሙሉ ያወራላችኋል፤ የቱ እንደሆነ ለማሳየትም አፉን በሰፊው ይከፍትላችኋል። የእኔም የልጅነት ገናዎች እንደዚያው ናቸው። ደግ ነበሩ። በልተናል፣ ጠጥተናል፣ አዲስ ልብሳችን እስኪቆሽሽ ተሯሩጠናል፣ ተኝተናል። ከዚያ በላይ ንገረን ብትሉኝ ብትገርፉኝም የምነግራችሁ የለኝም። የቱ ዓመት ከየቱ እንደሚቀድም እንኳ አልለየውም፤ ሁሉም ተደባልቀው አንድ ትልቅ በዓል ሆነዋል። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አለቀ።

ታላቅ ወንድሜ ግርማ ግን ይህን አይቀበልም። እሱ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ የልጅነታችን ገና በየዓመቱ ያድጋል። እኔ እዚሁ ሐረር፣ አቦከር፣ እናታችን ቤት ስቀር ትዝታውም አብሮኝ የቀረ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ ከቶት ሄዷል። በየዓመቱ ይደውልና «ያኔ በገና ጨዋታ ሩሯን ከዚህ ጫፍ እዚያ ጫፍ የላክኋት ትዝ ይልሃል?» ይለኛል። ትዝ አይለኝም። ትዝ የሚለኝ ቢኖር ሩሯ ቁርጭምጭሚቱን አግኝታው እናቴ ጉያ ገብቶ ሲነፋረቅ ነው፤ እሱንም ያስታወስኩት የሚያም ነገር ስለሆነ ይሆናል። «አባባ ክራር ይደረድሩልን የነበረውስ?» ይለኛል ደግሞ። አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ክራር ቀርቶ ሬዲዮ እንኳ ሰው አዝዘው ነበር የሚያስከፍቱት። ይህን ስነግረው ያዝንልኛል። አንተ ልብህ ደርቋል ይለኛል። ሰው አለመዋሸቱ ልብ መድረቅ ከሆነ እንግዲህ ምን ይደረጋል?

ዘንድሮ ሚስቱንና ልጆቹን ጭኖ ራሱ መጣ። ልጆቼ እውነተኛውን ገና ይዩ ብሎ ነው። ትንሿ ልጁ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ «የአያታችን ክራር የት አለ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ተሰብሯል አልኳት። ይኸው እኔንም ውሸት አስጀመረኝ።

ግርማ ለእናቴ ስጦታ ይዞ ነበር፦ ሁለት አዳዲስ ድስት። አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንድ ዓይነት ጆሮ፣ አንድ ዓይነት የመስታወት ክዳን። መንታ እንኳ እንደዚያ አይመሳሰልም። «ከእንግዲህ በዚያ በተጨማደደ ብረት ድስት መሥራት የለም» ብሎ አወጀ። እናቴም የልጇን ስጦታ ማሳነስ ስላልፈለገች ተቀበለች። ያኔ ነው ነገሩ የተበላሸው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ስለሚባል ሥሩን ልንገራችሁ።

በእኛ ሰፈር የክርስቲያን ቤት ድግስ ሁለት ድስት ነው። ሙስሊም ጎረቤት ያለው ሰው (ሐረር ውስጥ የሌለው ማን ነው?) በዓል ሲደርስ የእነሱን ዶሮ በእነሱ እጅ ያሳርዳል፣ ለብቻው ድስት ይሠራል። በእነሱም በዓል እንዲሁ ነው፤ ለእኛ የሚቀርበው በእኛ ሰው ይታረዳል። ሥጋ ላይ አንገናኝም። ከሥጋ በቀር ግን ያልተገናኘንበት ነገር የለም፤ ልጅ ማሳደግም ሆነ መሰዳደብ በጋራ ነው። አዴ ዘይነባ፣ በአንድ ግድግዳ የምንጎራበታቸው እናት፣ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ገናን እኛ ቤት ነው የሚውሉት። ድስታቸው፣ ጭልፋቸው፣ ሳህናቸው ሁሉ ከቤታቸው ይመጣ ነበር። ያ ድስት አንድ ጆሮው የወለቀ፣ ጎኑ የተጨረመተ ነበርና ዐይነ ስውር እንኳ በዳሰሳ ይለየዋል። የቀድሞ ሰዎች ሞኝ አልነበሩም።

ዘንድሮ ግን «አዲስ እያለ አሮጌ ማምጣት ምንድን ነው?» ያለው ግርማ ነው። እናቴ ብልህ ሴት ስለሆነች በሙስሊሞቹ ድስት ጆሮ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረች። ዶሮዎቹን እኔ ራሴ ከሸዋ በር ገበያ አምጥቻለሁ። የእነሱን የአዴ ዘይነባ ልጅ ጀማል አረደ፣ የእኛን እኔ አረድኩ። እስከዚህ ድረስ መላእክት እንኳ የሚነቅፉት ሥራ አልነበረም። በግ እንደሆነ እኛ ቤት ከገባ ቆይቷል፤ እናቴን ሐኪም ቀይ ሥጋ ከልክሏታል፣ እሷ ያልበላችውን ደግሞ ማን ደፍሮ ይበላል? የጾም መፍቻ ተስፋችን ሁሉ ዶሮው ላይ ነበር።

አሁን ልብ አድርጉልኝ፤ የዘንድሮው ገና እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። አዴ ዘይነባ ልጃቸውን ረምላን ለድሬዳዋ ሰው ሊድሩ ነው። የሙሽራው አባት፣ ሐጂ፣ በዚያው ሰሞን ሊጠይቋቸው መጥተው ነበር። ሐጂ ደግሞ ጠንቃቃ ናቸው፤ ማን እንዳረደው ያላወቁትን ሥጋ ከዘመድ ቤት እንኳ አይቀምሱም ይባላል። አዴ ዘይነባ ግን «ወላሂ ዕድሜዬን ሙሉ የበላሁበት ቤት ነው፣ ለሐላልነቱ ዋሱ እኔ ነኝ» ብለው እጃቸውን ይዘው አመጧቸው። ገባችሁ አይደል? በዚያ ድስት ውስጥ የተቀቀለው ዶሮ ብቻ አይደለም፤ የአዴ ዘይነባ ቃል ነው፣ አልፎም የረምላ ክብር በአማቶቿ ቤት።

ጠዋት ከቅዳሴ መጥተን ሁላችንም ጋደም ብለን ነበር። ያልተኛው ማን ነው? የትዝታው ሚኒስትር! ስልኩን ይዞ ማድ ቤት ገብቶ ድስቶቹን ፎቶ ያነሳል። «የእናቴ ገና» ብሎ ሊለጥፈው ነው። ቀዩ ጨርቅ ፎቶውን አበላሸበት፤ ፈታው። ብርሃኑ አልበቃ አለው፤ ድስቶቹን አንስቶ መስኮቱ ሥር ወሰዳቸው። ከዚያ አቀያይሮ አነሳቸው፣ ደግሞ ጎን ለጎን አነሳቸው፣ መለሳቸው፣ ጨርቁንም አሰረው። አንዱ ላይ።

እንግዶቹ ገብተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ እንጀራው ቀርቦ ነው እናቴ ወጥ ልታወጣ የሄደችው። ጨርቁን አየችና ቆመች። «ይሄ የኔ ቋጠሮ አይደለም» አለች። ግርማ እየሳቀ እሱ እንደፈታው፣ በኋላም እንደመለሰው ነገራት። የቱ ላይ ነው የመለስከው ብትለው፣ እዚያው በነበረበት ግራው ላይ አለ። ከዚያ ግራው የቱ እንደነበር ሊያሳያት እጁን አነሳ፤ እጁ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ሄደና አየር ላይ ቀረ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ሲወርድ አየሁት። ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ፤ ግን ቶሎ ነው ያለፈልኝ፣ ምክንያቱም ከሳሎን የአዴ ዘይነባ ድምፅ ይሰማ ነበር። የእናቴን እጅ ለሐጂ እያመሰገኑ ነበር።

እንለየው ብለን ያልሞከርነው የለም። ብንቀምሰው የእነሱ ሆኖ ቢገኝስ? ባንቀምሰው አይለይም፤ ደግሞስ አንድ እጅ፣ አንድ በርበሬ፣ አንድ ቅቤ፣ ምኑ ይለያል? ጀማልን በጓሮ ጠርተን ያረድካትን ለይ አልነው። ክዳኑን ከፍቶ ረጅም ጊዜ ተመለከተና «አቦ፣ የኔዋ ቀይ ነበረች፤ ላባዋ ካለ አምጡልኝ» አለ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላሉ አባቶች። እኛ ሁለት ድስት ጥደን መንጠልጠያ አጣን።

ግርማ ይህን ጊዜ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አደረገው። ጥፋቱ የጨርቁ ነው፣ በዚህ ዘመን በጨርቅ ምልክት ይደረጋል እንዴ አለ። ላንቀው ነበር። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔ ጌታ ስላልሆንኩ ተቆጣሁ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨርቅ ያለበትን ዝም ብለን እናቅርብላቸው፣ ማን ያውቃል አለ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ለአፍታ አሰብኩት። ሰውዬው ሳሎን ተቀምጠዋል፣ ሴትዮዋ ዋስ ሆነዋል፣ የዶሮው ሽታ ምራቄን ያስውጠኛል። እናቴ ግን ሁለታችንንም በየተራ አየችንና «ዘይነባ እጄን አምና ነው የመጣችው» አለች። ሁለቱንም ድስት ከድና ወደ ሳሎን ገባች።

ተከትያት ገባሁ፤ ባልገባሁ! እናቴ ቆማ «ዘይነባ፣ ድስቱ ተምታታብኝ። የናንተ የቱ እንደሆነ አላውቅም፤ ያላወቅሁትን ደግሞ አላቀርብልሽም» አለች። ልጄ ነው ያጠፋው አላለችም፤ በራሷ ላይ አደረገችው። አዴ ዘይነባ ነጠላቸውን ሳቡ፣ ዐይናቸው መሬት ላይ ወደቀ። በልጃቸው አማት ፊት እንዲህ ከማፈራቸው መሬት ተከፍታ እኔን ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ግርማን መጀመሪያ ከዋጠችው በኋላ ማለቴ ነው።

ሐጂ ጢማቸውን ያዝ አደረጉ። ከዚያ እናንተስ ምን ልትበሉ ነው ብለው ጠየቁ። እናቴም እኛም አንነካውም፣ የናንተ የሆነውን እንዳንበላ አለቻቸው። «ሁለቱንም ተዋችሁት? ይሄን ሁሉ ጾማችሁ?» አሉ። ሁለቱንም አለች። ሐጂ ወደ አዴ ዘይነባ ዞሩና «ዋስትናሽን ተቀብያለሁ፤ ልጅሽም እንደዚህ ካለ ጎረቤት መሀል ያደገች ከሆነ አልሐምዱሊላህ» አሉ። ቀጥለው ለእናቴ «ያለውን አምጪ፤ እዚህ ቤት የሰጣችሁኝን ቢስሚላህ ብዬ እበላለሁ» አሏት። አዴ ዘይነባ አለቀሱ። እናቴም አለቀሰች። ግርማ ከሁሉም በላይ አለቀሰ፤ ደግነቱ ስልኩን አላወጣም።

ያለው ምን ነበር? ሽሮ። ቅቤውን ድስቶቹ ስለጠጡት፣ ያው ስንጾም የከረምነው የዘይት ሽሮ። በልደት ቀን፣ ሁለት ድስት ዶሮ ማድ ቤት አስቀምጠን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ገበታ ላይ ሽሮ በላን። ዶሮው ወደ ማታ ለጅብ ወጣ፤ የሐረር ጅብ እንደሆነ ማን አረደው ብሎ አይጠይቅም። ሐጂ ግን አንዴ ጨለፉ፣ ደገሙ፣ ሠለሱ። ድሬዳዋ እንዲህ ያለ ሽሮ ቀምሼ አላውቅም ብለው ማሉ። ሲወጡ በር ላይ ቆመው «ኢንሻአላህ ለሚመጣው ገናም ቤተሰቤን ይዤ እመጣለሁ። በሁለት ድስት አትልፉ፤ ይህንኑ ሽሮ አብረን እንበላለን» አሉ። እናቴ ደስታዋ ገንፍሎ በመድኃኔ ዓለም ምላ ቃል ገባችላቸው። እናቴን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ምላ አታጥፍም።

እንግዲህ የእኛ ቤት የገና ጾም በኅዳር ይገባል። መቼ እንደሚፈታ ለማወቅ የፈለገ ግን ድሬዳዋ ወርዶ ሐጂን ይጠይቅ።