ስለ ድምፅ ማጉያው ማጉረምረም የተደረገ ስምንተኛ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ የወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት (የተጀመረው አራት ሰዓት ከአርባ)
ቦታ፦ የሸክላ ሙዚቃ አድማጮች ማኅበር አዳራሽ፣ ከልብስ ስፌት ቤቱ በላይ

የተገኙ፦
1. ሰብሳቢው፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር
2. የጥርስ ሐኪሟ
3. ልብስ ሰፊው፣ የሰብሳቢው አማች
4. ጋሽ ብየዳ፣ ማጉያውን በእጃቸው የሠሩት ባለሙያ
5. ጸሐፊዋ፣ ይህን የምትጽፈው

ያልተገኙ፦ ሁለት አባላት። አንደኛው "ሲያልቅ ንገሩኝ" ብለዋል። ሌላኛው ምክንያት አላቀረቡም፤ የወቀሳቸውም የለም።

ከሰባቱ የማኅበሩ ኮሚቴ አባላት አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ያለፈው ቃለ ጉባኤ
ሰባተኛው ስብሰባ ጉዳዩን ለስምንተኛው ማስተላለፉ ተነብቦ ጸድቋል።

አጀንዳ 2፦ ጉርምርምታው
ሰብሳቢው ለማስታወስ ያህል እንዳስረዱት፣ አራት የመስታወት አምፖሎች ያሉት የማኅበሩ ማጉያ ካለፈው ዓመት ወዲህ አንዳንዴ "እምምም" እያለ ዘፈን ያበላሻል፤ አንዳንዴ ደግሞ እንደ ጨዋ ልጅ ዝም ይላል። ዛሬም ስብሰባው እንደተከፈተ ጀምሯል።

ጋሽ ብየዳ ዕድል ጠይቀው አምፖሎቹን አንድ በአንድ መለዋወጣቸውን፣ ብየዳውን እንደ አዲስ መሥራታቸውን፣ ገመዱን ሁሉ መፈተሻቸውን ገልጸው "እናንተ በሌላችሁበት ግን ምንም አይለውም" ብለዋል። ሰብሳቢው አባባሉ ነገር ያለበት ሆኖ ስላገኙት የቃል ማስጠንቀቂያ ሰጥተዋል። ጋሽ ብየዳ ነገር ፈልገው ሳይሆን እውነቱን መናገራቸውን ሲያስረዱ ማስጠንቀቂያው ወደ ጽሑፍ ከፍ ብሏል።

የጥርስ ሐኪሟ የታመመው አምፖል እንዲለይ እያንዳንዱ በእርሳስ ቀስ ተብሎ መታ መታ እንዲደረግ ሐሳብ አቅርበዋል። ጋሽ ብየዳ ይህ ትክክለኛ ዘዴ መሆኑንና ባለፈው ሳምንት እንደሞከሩት ተናግረዋል። ሙከራው ያለ ኮሚቴው ፈቃድ በመደረጉ እንዳልተደረገ ተቆጥሯል።

ልብስ ሰፊው ማጉያው ብርድ መትቶት ሊሆን እንደሚችል ጠርጥረው ወፍራም ልብስ ሊሰፉለት ጠይቀዋል። ጋሽ ብየዳ አምፖሎቹ ስለሚግሉ አዳራሹ እንደሚቃጠል አስረድተዋል። ልብስ ሰፊው "እንግዲያው ስስ ይሁን" በማለት አሻሽለዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ ስስ ጨርቅ ተወስኗል።

አጀንዳ 3፦ ማጉያውን ስለ ማስወገድ
ሰብሳቢው ልጃቸው የላከላቸው ዘመናዊ ማጉያ እቤት ተቀምጦ አቧራ እየጠጣ ስለሆነ አሮጌው ይጣል፤ ባለሙያም ስለማያስፈልግ ጋሽ ብየዳ የአዳራሹን ቁልፍ ያስረክቡ ብለዋል።

ጋሽ ብየዳ "እነዚህን አምፖሎች ባለቤቴ ናት በሻርፗ ጠቅልላ፣ አውቶቡስ ውስጥ ጭኗ ላይ ይዛ ያመጣችልኝ። ነፍሷን ይማረውና አብረን ነው የሠራነው። እሱን ከጣላችሁት እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የት እሄዳለሁ?" ብለዋል።

በዚህ ጊዜ ጸሐፊዋ አልቅሳለች። ሰብሳቢው ለቅሶው ከአጀንዳ ውጭ በመሆኑ እንዳይጻፍ አዘዋል። ተጽፏል።

ጋሽ ብየዳ ጉዳዩ ስለሚመለከታቸው ድምፅ እንዳይሰጡ ተደርጓል። ሰብሳቢውና አማቻቸው ደግፈዋል፤ የጥርስ ሐኪሟና ጸሐፊዋ ተቃውመዋል። እኩል በመሆኑ ሰብሳቢው ከራሳቸው ጋር ለሁለተኛ ጊዜ ተስማምተው ውሳኔው አልፏል። ጋሽ ብየዳ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋል።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ
ጋሽ ብየዳ ማጉያውን ለመጨረሻ ጊዜ ሊያጠፉ ሲያጎነብሱ፣ የጸሐፊዋ ኮምፒውተር ቻርጀር ከማጉያው ጋር አንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ላይ መሰካቱን አይተዋል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቃለ ጉባኤውም ሆነ ቅዳሜ ለማዳመጥ የሚመጡት ስም ዝርዝር በእጅ መጻፉ ቀርቶ በኮምፒውተር እንዲሆን የወሰነው ይኸው ኮሚቴ ነው። ጋሽ ብየዳ "እስቲ እሱን ንቀሉልኝ" ብለዋል።

ሰብሳቢው ቃለ ጉባኤ የማይያዝበት ስብሰባ ስብሰባ ስላልሆነ ጥያቄው በጽሑፍ ለዘጠነኛው ስብሰባ እንዲቀርብ አሳስበዋል። የጥርስ ሐኪሟ "ኧረ ወዲያ!" ብለው ዕድል ሳይጠይቁ ነቅለውታል። ነቀላ ሙያቸው ነው።

ጉርምርምታው ቆመ። ተሰካ፤ ጀመረ። ተነቀለ፤ ቆመ። ሰብሳቢው አጋጣሚ ሊሆን ይችላል በማለታቸው ዘጠኝ ጊዜ ተሞክሯል፤ ዘጠኙም ጊዜ በእጅ ማውጣት ጸድቋል።

ልብስ ሰፊው "ታዲያ ጥፋተኞቹ እኛው ነና!" ብለዋል። አማታቸውን ሳያዩ ሲናገሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገዋል፤ የሚጠረግ ነገር ግን አልነበረበትም። ጸሐፊዋ የኮምፒውተሩ አሮጌ ባትሪ አራት በመቶ ብቻ መቅረቱን አሳውቃለች።

ውሳኔ
በማኅበሩ ታሪክ አጭር ከሆነ ውይይት በኋላ፣ ስስ ጨርቁ፣ ማስጠንቀቂያው፣ የማጉያው መጣልና የቁልፉ ርክክብ ተሽረዋል። ያለፉት ሰባት ስብሰባዎች ውሳኔዎችም እንዲሁ። ኮሚቴው የጉርምርምታውን መንስኤ እንዲያስወግድ ኃላፊነት የተሰጠው እንደመሆኑ መጠን በሙሉ ድምፅ ራሱን አስወግዷል። ሰብሳቢው እጃቸውን ያወጡት መጨረሻ ላይ ነው፤ ግን አውጥተዋል።

ስብሰባው ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ተበትኗል። ጋሽ ብየዳ ማጫወቻው ላይ ሸክላ አስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ወደ ቤቱ የሄደም ሆነ የመናገር ዕድል የጠየቀ የለም።