አርባ ቤት ይበቃናል

ኔዘርኮት የምትባል የእንግሊዝ ገጠር መንደር ናት። የአካባቢው ምክር ቤት በአዲሱ የመንደሮች ፕላን ላይ፣ ከዴዝሞንድ ቤት ጀርባ ባለው መስክ አርባ ርካሽ የኪራይ ቤቶች እንዲሠሩ መድቧል። ዴዝሞንድ የጡረታ ዘመኑን ያንን መስክ በመስኮት እያየ ሊያሳልፍ ከከተማ የመጣ ሰው ነው። ሁሉን ያውቃል፤ የማያውቀውንም ያስረዳል። ጎረቤቱ ዊልፍ ደግሞ እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አውቶቡስ ነድቶ፣ እዚያው ያረጀ ነው። አንድ ነገር ሲነግሩት ሁለት ጊዜ ይጠይቃል። ልጁ ታምሲን ሕፃኗን ይዛ ከተማ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታለች፤ በመንደሯ ርካሽ የኪራይ ቤት ለማግኘት ወረፋ ከያዘች ቆይታለች። ዊልፍ ከመሞቱ በፊት የልጅ ልጁን በየቀኑ ማየት ይፈልጋል። ይህን ለዴዝሞንድ ነግሮት አያውቅም። ዴዝሞንድም ጠይቆት አያውቅም።

[የመንደሩ አዳራሽ። ስብሰባው ሊጀመር ነው። ዊልፍ ቀለሙ ያልደረቀ የተቃውሞ ሰሌዳ ይዞ ቆሟል።]

ዴዝሞንድ፦ እንዲህ ብለህ ጻፍ አልኩህ?

ዊልፍ፦ ያልከኝን ነው የጻፍኩት። «አርባ ቤት ይበቃናል።»

ዴዝሞንድ፦ «አርባ ቤት? በቃን!» ነው ያልኩህ።

ዊልፍ፦ በቃን፣ ይበቃናል። ያው አይደለም እንዴ?

ዴዝሞንድ፦ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል እንጂ። «በቃን» ማለት አንገሸገሸን ማለት ነው። «ይበቃናል» ማለት እግዜር ይስጥልን፣ ጨምሩ አንላችሁም ማለት ነው።

ዊልፍ፦ ታዲያ አርባ ቤት ሲመደብልን እግዜር ይስጥልን አንልም?

ዴዝሞንድ፦ ሲመደብብን።

ዊልፍ፦ ቤት ይመደብልሃል እንጂ ይመደብብሃል ይባላል እንዴ? የሚመደብብህማ ዘበኛ ነው።

ዴዝሞንድ፦ ተቃዋሚ ስትሆን ይባላል። በል ያንን ሰሌዳ ከዓይኔ አርቀው።

[ዊልፍ ሰሌዳውን ከወንበሩ ኋላ ይሸጉጠዋል።]

ዊልፍ፦ እኔም ልናገር? መስኮትህ ሊጋረድ ነው ልበላቸው?

ዴዝሞንድ፦ አፍህን እንዳትከፍት። እይታ ሕጋዊ ምክንያት አይደለም። «ቤቴ እይታው ይጠፋል» ያልክ ዕለት ሳቅ ብለው ያልፉሃል።

ዊልፍ፦ ምክንያታችን ታዲያ ምንድን ነው?

ዴዝሞንድ፦ አገልግሎት። አገልግሎት የሌለው መንደር ላይ ቤት አይሠራም። እኛ ትምህርት ቤት የለንም፤ ዳቦ ቤት የለንም፤ ፖስታ ቤት የለንም።

ዊልፍ፦ ፖስታ ቤትማ አለን። አንተ ትኖርበት የለም?

ዴዝሞንድ፦ «አሮጌው ፖስታ ቤት» የቤቴ ስም ነው፣ ዊልፍ። በሩ ላይ የተለጠፈ ስም።

ዊልፍ፦ እነ ዶክተር ፊልዲንግ ያሉበት «አሮጌው ትምህርት ቤት»ስ?

ዴዝሞንድ፦ ስም ነው።

ዊልፍ፦ «አሮጌው ዳቦ ቤት»ስ?

ዴዝሞንድ፦ ስም ነው አልኩህ እኮ። እዚያ ያሉት ሰዎች ዳቦ እንኳ አይበሉም፤ ሆዳቸውን ይነፋቸዋል።

ዊልፍ፦ [ራሱን እየነቀነቀ] ለካ እዚህ አገር አንድ ነገር ሲጠፋ ስሙን በር ላይ ይለጥፉለታል።

ዴዝሞንድ፦ ቅርስ መጠበቅ ይባላል።

ዊልፍ፦ እኔ ግን ለገና አንድ ካርድ በርህ ላይ ባለው የደብዳቤ ማስገቢያ ቀዳዳ ከትቼ ነበር። ቴምብርም ለጥፌበት ነበር።

ዴዝሞንድ፦ ያ ካርድ ያንተ ነው? «ለታምሲን» የሚለው? እኔኮ አድራሻ የተሳሳተ መስሎኝ ጣልኩት። ታምሲን ማን ናት?

ዊልፍ፦ ልጄ።

ዴዝሞንድ፦ ልጅ አለህ እንዴ?

ዊልፍ፦ አለችኝ። አኩርፋኝ ነበር። ምክንያቱ አሁን ገባኝ።

[ከምክር ቤቱ የመጣችው የፕላን ባለሙያ ትገባለች። ሁሉም ይቀመጣሉ።]

ዴዝሞንድ በዚያ ስብሰባ ላይ እንደ ጠበቃ ተናገረ። ትምህርት ቤት እንደሌለ፣ አንዲት ጠርሙስ ወተት ለመግዛት መኪና ማስነሳት እንደሚያስፈልግ፣ ቴምብር ለማግኘት ወደ ከተማ እንደሚኬድ ዘርዝሮ አስረዳ። ስለ መስኮቱ አንድም ቃል አልወጣውም። ባለሙያዋ ራሷን በአዎንታ እየነቀነቀች ስትጽፍ ባየ ቁጥር ድምፁ ወፍራም እየሆነ ሄደ። ሲጨርስ ዊልፍ እጁን አወጣ። ዴዝሞንድ ጉልበቱን ቆንጠጥ አደረገው፤ ዊልፍ ግን ተነሣ። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እነዚህ ጎደሉን የተባሉት ነገሮች በመንደሩ ውስጥ እንዲቆሙ ስንት ቤት ያስፈልጋል? ዴዝሞንድ ጥያቄው መጀመሪያ ቢያስደነግጠውም ወዲያው ደስ አለው፤ አርባ ቤት ሱቅ ሊያቆም እንደማይችል የምክር ቤቱ ሰዎች ራሳቸው ሊመሰክሩ ነው። ቀድሞ ያጨበጨበውም እሱ ነበር። ባለሙያዋ አጥንታ እንደምትመለስ ነግራቸው ሻይዋን ጠጥታ ሄደች።

[ጸደይ። የአዳራሹ በር ላይ የተሻሻለው ፕላን ተሰቅሏል። ዴዝሞንድ መነጽሩን ያወልቃል፣ ይጠርጋል፣ መልሶ ያደርጋል።]

ዊልፍ፦ ሰሙህ አይደል?

ዴዝሞንድ፦ ዘጠና ቤት ይላል።

ዊልፍ፦ ያልከው ሁሉ ገብቷል። ሱቅ አለ፤ ዳቦ እዚያው ይጋገራል። ፖስታውም እዚያው ሱቁ ውስጥ ነው። ትንሽ ትምህርት ቤትም አለ። አርባ ቤት እነዚህን አያቆምም፤ ዘጠና ግን ያቆማል ብላለች። አስተያየቱን ለሰጠው ሰውዬ ምስጋናም ጽፋለች።

ዴዝሞንድ፦ ሱቁ የት ጋ ነው?

ዊልፍ፦ መስኮትህ ፊት ለፊት። ከእንግዲህ ወተት ስትፈልግ ኮት መደረብም አያሻህም።

ዴዝሞንድ፦ እይታዬስ?

ዊልፍ፦ ቀስ በል፣ ሰው እንዳይሰማህ። ሕጋዊ ምክንያት አይደለም ብለኸኛል።

ዴዝሞንድ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] መስኩን ብቻ ብዬ ነበር የመጣሁት፣ ዊልፍ። ጠዋት ጠዋት ጉም ሲያርፍበት ለማየት።

ዊልፍ፦ አውቃለሁ። እኔም አዝኜልሃለሁ፤ የምሬን ነው። በአንተ በኩል የሚያልፈውን መንገድ ስም አውጡለት ሲሉን፣ እኔ «ውብ እይታ ጎዳና» ይባል አልኩ። ወደዱት።

ዴዝሞንድ፦ እይታውን ከጋረዱት በኋላ?

ዊልፍ፦ ቅርስ መጠበቅ ነው ያልከኝ አንተ ነህ።

[ዴዝሞንድ ደረጃው ላይ ይቀመጣል። ዊልፍ አጠገቡ ቁጭ ይላል።]

ዴዝሞንድ፦ ያ በስህተት የጻፍከው ሰሌዳ የት ገባ?

ዊልፍ፦ የቱ? «ይበቃናል» የሚለው?

ዴዝሞንድ፦ እሱ። አምጣውና ይዘን እንውጣ። ለካ ትክክል ነበርክ፣ አርባ ይበቃናል።

ዊልፍ፦ አይ፣ ያኔ ስህተት ነበር። አንተ ካስረዳኸኝ በኋላ ነው የገባኝ። አርባ አይበቃም።

ዴዝሞንድ፦ ለማን ነው የማይበቃው?

ዊልፍ፦ ለታምሲን። ወረፋዋ አርባ አንደኛ ነው።