ሚዛን ላይ የወጡት ሰዎች

ትናንት ከምሳ በኋላ ምንትዋብ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ሸለብ አደረጋትና ሕልም አየች። በሕልሟ ድመቷ ዳማ በቁመት በልጣት ነበር።

ዳማ ሰባት ወር የሆናት፣ ነብር የመሰለች ባለ ነጠብጣብ የቤንጋል ዝርያ ድመት ናት። እግሯ ይረዝማል እንጂ ሥጋ አልያዝ አላት ብላ ምንትዋብ በየሳምንቱ ወጥ ቤት ሚዛን ላይ ታወጣታለች።

በሕልሙ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ዳማ የምንትዋብን ማጅራት በጥርሷ ይዛ አንጠልጥላ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ምንትዋብ አልገረማትም፤ ያሳሰባት ነጠላዋ መሬት እንዳይጎተት ብቻ ነበር። እዚያ ድመቶች ሰዎቻቸውን በቅርጫት ይዘው ወረፋ ይጠብቃሉ። አንዲት ወፍራም ድመት፣ የእሷ ሰው የሆነው ዳኛ ካምና ወዲህ ቁመቱ አንድ ጣት እንኳ አለመጨመሩን ለጎረቤቷ ታማርራለች። ዳኛው ቅርጫቱ ውስጥ ሆኖ ሰማና አቀረቀረ።

ሐኪሟ ግራጫ ድመት ነበረች። የምንትዋብን ጥርስ አየች፣ እግሯን ሳብ አድርጋ ለካች፣ ዕድሜዋን ጠየቀች። ዳማ፣ “ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው” ስትል ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። የእነ ዳማ ዘር በሰባት ወሩ ቀጭንና እግረ ረጅም ቢሆን ምንም እንዳልሆነ፣ ዓመት ተኩል ሁለት ዓመት ሲሞላው ግን ደረቱም ትከሻውም እንደሚሞላ፣ ሰው ለምን ይህን ያህል እንደሚንቀራፈፍ እንዳልገባት ተናገረች። ከዚያ ይቺስ ደህና ናት፣ ሌላውን አምጪው አለች።

ዳማ ከጎኗ ካለው ቅርጫት የምንትዋብን ባል ደምሰውን አወጣች። ምንትዋብ እሱም አብሮ መምጣቱን አላስተዋለችም ነበር። ሚዛኑ ላይ አቆሙት። መርፌው ንቅንቅ አላለም።

“ሚዛኑ ተበላሽቷል?” አለች ምንትዋብ።

“ሚዛኑ ደህና ነው” አለች ሐኪሟ። “አንቺ እሱን ልብ ብለሽ ካየሽው ስንት ጊዜሽ ነው?”

ምንትዋብ ልትመልስ አፏን ስትከፍት የወጣው የድመት ድምፅ ነበር።

የመዶሻ ኳኳታ ቀሰቀሳት። ደምሰው መስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቀበቶውን በሚስማር ይበሳል። ከአዲሱ ቀዳዳ አጠገብ ደግሞ ከዚህ በፊት በእጁ የበሳቸው ሦስት ቀዳዳዎች አሉ። ምንትዋብ ከመቼ ጀምሮ ቀበቶውን እንደሚያጠብ ጠየቀችው።

“ሱሪው ነው የሰፋው” አላት ቀና ሳይል።

ተነስታ ጫማውን አምጥታ እግሩ ሥር አስቀመጠችለት።

“ሐኪም ቤት? አሁን?” አላት።

“አሁን” አለችው።