‘የኔ’ የሚል ቃል የሌለው ሕዝብ

አገር የሚባረከው በጠቢብ ነው። የእኛን ሮቤ የባረኳት መምህር በለጠ ናቸው። እኛን እናቶችን ፊደል ያስቆጥሩናል፤ በትርፍ ጊዜያቸው ደግሞ ስለ ጥንት ሕዝቦች ግጥም ይጽፋሉ። በቅርቡ የሐረና ጫካ ሰዎች ተራ ደረሰ።

የሐረና ጥንት ሰው፣ የጨረቃ ወዳጅ፣
‘የኔ’ን የማያውቀው፣ ያላጥር ያለደጅ።

ከሥሩ ማብራሪያ አለው። ይህ ሕዝብ ከምድር ከጠፋ ዘመናት አልፈዋል፤ በቋንቋውም ‘የኔ’ የሚል ቃል አልነበረም ይላል። ክፍሉ አጨበጨበ። የእኔ ጭብጨባ ግን መሃል ላይ ቀዘቀዘ። የባለቤቴ አባት፣ አባ ሻፊ፣ የሚኖሩት እዚያው ሐረና፣ ሪራ መንደር ነው። ለአረፋ ሳያቸው አልጠፉም ነበር።

ሪራ ውስጥ ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍ ሁሉ ባለቤት አለው፤ ከአባት ለልጅ ይወርዳል። የአባ ሻፊ ዛፍ አንድ ቀን ለልጄ ነው። ስለዚህ ጎረቤታቸው ሳላሀዲን ከክፍላችን ተቀድቶ የተሰራጨውን ግጥም ከነማብራሪያው በስልኩ ሰምቶ፣ ቀፎውን እዚያ ዛፍ ላይ ሲሰቅል እንቅልፍ አጣሁ።

«ዛፉ የኔ ነው» አሉት አባ ሻፊ።

«ቃሉ የለንም እኮ፣ አባ። የተማረ ሰው ነው የተናገረው።»

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ስልኩን አዳመጡ። ግጥሙ ቤት ስለመታ ግራ ገባቸው። በመጨረሻም «ገጣሚው ራሱ ቃሉ አለ ካለ ቀፎው ይውረድ» ብለው ፈረዱ።

አባ ሻፊ ሮቤ መጡ። በባጃጅ ይዣቸው መምህሩ ዘንድ ሄድን።

«እኛ ‘ካን ኮ’ እንላለን፤ የኔ ማለት ነው» አሏቸው።

መምህር በሐዘኔታ ፈገግ አሉ። «አባቴ፣ እርስዎ የዛሬ ሰው ነዎት። የጥንቱን ሊያውቁ አይችሉም።»

«ለእርስዎ ማን ነገረዎት?»

«ጫካው።»

«መቼ ገቡ?»

«በመኪና አልፌበታለሁ። መስኮቱ ክፍት ነበር።»

«እኔ ዕድሜዬን ስኖርበት አንድ ቀን አላናገረኝም» አሉ አባ ሻፊ፣ በአክብሮት።

ወጥተን ባጃጅ ስንጠብቅ ወደ እኔ ዞሩ። «ኢንታሎ፣ ልጄ፣ ያንን ግጥም ማንበብ ትችያለሽ?»

«በምረቃችን ቀን እንዳነበው ተመርጫለሁ፣ አባ።»

«እንግዲያው ሽማግሌዎቹን ይዤ እመጣለሁ። አንብበሽ ስትጨርሺ የእኔን ስም ጥሪ።»

የምስክር ወረቀቴ ታየኝ። ቀጥሎ ልጄ ታየኝ፤ ያለ ዛፍ።

በምረቃው ቀን አንድ ኃላፊ «ትምህርት የልማት መሠረት ነው፤ መሠረት ደግሞ ያለ ትምህርት ልማት አይሆንም» ብለው ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። ከእሳቸው ቀጥሎ ቆምኩ። ፊደል ሳልስት አነበብኩ። ሲያልቅም «ገጣሚ፦ ሻፊ፣ ከሪራ» አልኩ።

መምህር በለጠ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ምን ነካሽ፣ ሃጂራ? ግጥሙ የኔ ነው።»

አባ ሻፊም ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «ስለ እኛ አይደለም እንዴ? እኛ ዘንድ ‘የኔ’ የለም ብለዋል። አጥርም ደጅም ስላላየሁ ወሰድኩት።»

«የሰው ሥራ እንዴት የኔ ይላሉ? ይህ በየትም አገር ነውር ነው።»

«በየትም?»

«በየትም። ጫካም ቢሆን።»

«በጫካም የአንተና የኔ አለ ማለት ነው?»

«አለ እንጂ። ያለሱ እንዴት ይኖራል?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ሰምተናል» አለ አንደኛው። አብሯቸው የመጣው ሳላሀዲን ቀፎ ማውረጃ ገመዱን ሊያመጣ ወጣ፤ ቀፎው በዚያው ሳምንት ወረደ።

መምህር አልተቀየሙኝም፤ የምስክር ወረቀቴንም ሰጡኝ። ጠቢብ ከስህተቱ ይማራልና ግጥሙን አሻሽለው በመጽሐፍ አሳተሙት። ማብራሪያው አሁን፣ የጠፋው የሐረና ሕዝብ ‘የኔ’ የሚለውን ቃል በመጨረሻ ከአንድ እንግዳ መምህር እንደተማረ ይገልጻል።

መጽሐፉን ለአባ ሻፊ አነበብኩላቸው። ዛፋቸው ሥር ተቀምጠው ነበር፤ እንደጠፉ።