«አይ» ማለት የሚያስቀጣበት አገር

ድሮ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ግማሹን ረስቼዋለሁ። አንደኛዋ ከውጭ አገር የተመለሰች ነበረች፤ ግሪክ ይሁን ጣልያን እንጃ።

«ምግብ አቀረቡልኝ፤ አይ አልኩ» አለች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አነሡታ!»

«ሳይለምኑሽ?»

«ማን ይለምንሻል? ጦሜን አደርኩ። በማግስቱም አይ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ግን…»

የቀረው በሞተሩ ጩኸት ተዋጠ። እኔም ነገሩን ረስቼው ኖርኩ።

ያየሁትን ሕልም ከመንገሬ በፊት ይህንንም ልንገራችሁ። እኔና ባለቤቴ ዘርፌ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ዘጠኝ ዓመት ቆጠብን። የተጠራቀመው ግን ለአንድ ሰው ብቻ በቃ።

«አንቺ ሂጂ» አልኳት።

«አይ፣ አንተ ሂድ።»

«ኧረ አንቺ!»

«አይ፣ አንተ!»

ሦስተኛ ጊዜ ሳልጠይቃት ለተሳላሚዎች ማኅበራችን በስሜ ከፈልኩ። እሷም ወገቤን ለክታ የገንዘብ መያዣ ቀበቶ ሰፋችልኝና «እዚያ እጅህን ሰብሰብ አድርግ። የምታተርፋት የእኔ መንገድ መጀመሪያ ናት» አለችኝ።

እንግዲህ ትናንት፣ እሑድ፣ ፀሐይ ገና አናት ላይ ሳለች ሕልም አየሁ።

አውሮፕላን ማረፊያ ነበርኩ። ሻንጣዎቹ ፓስፖርታቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ሰዎቹ ደግሞ እቃ በሚጫንበት የጎማ ምንጣፍ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ይሄዳሉ። የእኔ ሻንጣ፣ ያ በሲባጎ የታሰረው ቡኒው፣ መነጽር አድርጎ ከፊት ቆሟል።

«ይህን ሰው መዝኑልኝ» አለ።

ሚዛኑ ጋ የቆመችው አህያ ናት፤ ሊፕስቲክ ተቀብታለች። «ስምንት ኪሎ ትርፍ አለበት» አለች።

«ምኔ ነው የከበደው?» አልኳት።

«ይሉኝታዎ ነው።»

«የት ልተወው?»

«ለዘመድ ይስጡት።»

«ዘመዶቼማ የራሳቸው ተርፏቸዋል።»

አህያዋ በረጅሙ ተነፈሰች። «ስንት ዘመን እኛ ተሸከምን፤ እስቲ እናንተም ቅመሱት» አለችና ግንባሬ ላይ «ተሰባሪ» የሚል ወረቀት ለጠፈችብኝ። ሻንጣዬ መስኮት ጥግ ተቀምጦ ጭማቂ ሲጠጣ፣ እኔ ከታች ከሌሎች መንገደኞች ጋር ተደርድሬ በረርኩ።

ስንደርስ የፓስፖርት ተቆጣጣሪ ሹሞቹ ናቸው ተሰልፈው የጠበቁኝ። እኔ በእነሱ ቦታ መስኮቱ ውስጥ ተቀምጫለሁ።

«እባክዎን ይግቡልን» አለ አንዱ ኮፍያውን አውልቆ።

«ደጅ ልሳለም ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያው ይፍጠኑ። ደጁ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ዛሬ ከተዘጋ የሚከፈተው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።»

ታክሲ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። «ሃያ ዶላር» አለ ባለታክሲው። ልከፍለው ወገቤን ስዳብስ፣ እሱ ሃያ ዶላር አውጥቶ ዘረጋልኝ። እዚያ አገር የሚከፍለው ባለታክሲው ነው።

«ኧረ አይሆንም! አፈር ስሆን!» አልኩት፤ ልቤ ግን ገንዘቡን አይቶ ዘሏል።

«አይ አሉ?»

«እንዴት አድርጌ እቀበልሃለሁ?»

«አይ ብለዋል» አለና ደረሰኝ ቆረጠልኝ። የእምቢታ ቅጣት፣ አርባ ዶላር። ከቀበቶዬ መዝዤ ስከፍል የዘርፌ ስፌት ጧ ብሎ ሲበጠስ ሰማሁት።

ታክሲው ባወረደኝ ሆቴል በር ላይ ሥራ አስኪያጁ ፒጃማ ለብሶ፣ የጥርስ ብሩሹን ይዞ «ክፍል ይኖርዎታል?» እያለ ለመነኝ። የራሴን ሰጠሁትና ሌላ ክፍል ገባሁ። አልጋው ቀኑን ሙሉ ቆሞ ስለዋለ ደክሞታል፤ እኔን አንጥፎ ላዬ ላይ ተኛ። ባንኮራፋ ቁጥር ሽቦው ጎኔን ይወጋኛል። ከሥሩ ሾልኬ ስወጣ ምግብ አብሳዩ ትሪ ይዞ ከፊቴ ተገተረ።

«ይብሉ።»

«አይ፣ ጠግቤያለሁ።» ከጠዋት ጀምሮ እህል ባፌ አልዞረም።

ትሪውን አነሣና ቅጣቱን ቆረጠ።

«እንዴ! አንድ ጊዜ ብቻ ነው እንዴ የሚባለው?»

«ስንት ጊዜ ሊባል ነው?»

«ቢያንስ ሦስት! በሞቴ ይባላል፤ አፈር ስሆን ይባላል፤ እጅ ተይዞ ይጎተታል…»

ሰውየው በሳቅ ፈረሰ። «ኑ፣ ኑ! በገዛ ሆዱ ላይ በሐሰት የሚመሰክር ሰው መጥቷል!»

እርግቦች ካሜራ አንጠልጥለው መጡና ፎቶ አነሡኝ። አንዷ ፍርፋሪ በተነችልኝ። ልለቅም ጎንበስ ስል «ይፈልጋሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አይ፣ ልጆቹ ይብሉ» አልኳት። ሠላሳ ዶላር።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሁሉ ቅጣት ሆነ። ሻማ ሻጩ «በነፃ ይውሰዱ» ሲለኝ ከልማዴ «ቀንስ!» አልኩት። ግራ ተጋብቶ በሻማው ላይ አምስት ዶላር ጨመረልኝ። «አይ፣ ይህስ በዛ» አልኩ፤ ከፈልኩ። አንዲት አሮጊት ወንበራቸውን ለቀቁልኝ፤ «ኧረ ይቀመጡ እማማ» አልኩ፤ ከፈልኩ። ሳላየው የገፋሁት ፖሊስ «ስለገፉኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ሲለኝ «አንተ ምን አጠፋህና!» አልኩት፤ እጥፍ ከፈልኩ። ቀበቶው ነፋሱ እንደወጣ ጎማ ወገቤ ላይ ተልፈሰፈሰ። የዘርፌ መንገድ በገዛ አፌ ተበልቶ ሲያልቅ አየሁት። «አቤቱ፣ አንዲቱን ቃል እንኳ አስቀርልኝ» ብዬ ጸለይኩ።

ደጁ ጋ ስደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። በረኛው ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ጢማቸው የሽማግሌ፣ ድምፃቸው የዘርፌ።

«ይግቡ» አሉኝ።

«እርስዎ ይቅደሙ እንጂ!»

«እኔማ በረኛ ነኝ።»

«ቢሆንስ! በሞቴ!»

በሩ አንድ ክንድ ጠበበ። ከኋላዬ ውሻ ጌታውን በማሰሪያ እየጎተተ ገባ። ቀጥሎ ባለታክሲው ገባ። ቀጥሎ ሻንጣዬ መጣ፤ መነጽሩን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ደጁን ተሳለመና ገባ። በሻንጣ እቀናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ይግቡ» አሉ ሁለተኛ።

«አይ፣ ሰዎቹ ይለፉና እኔ…»

በሩ አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ያህል ብቻ ቀረ። ሽማግሌው ጢማቸውን ነቅለው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ዘርፌ ራሷ ነበረች።

«አይ ስልህ አመንከኝ፣ አይደል?» አለችኝ።

የተበጠሰውን ቀበቶ በእጄ ሸፈንኩ።

«ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠይቅህ። ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም?»

«አይ» ጉሮሮዬ ድረስ መጣች። የሃምሳ ዓመት መንገዷ ስለሆነ ማንም ሳይመራት ነው የምትመጣው። በሁለት እጄ አንገቴን አነቅሁ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ።

«እሺ!»

ጭብጨባ ሰማሁ።

ዓይኔን ስገልጥ የተሳላሚዎች ማኅበራችን አዳራሽ ውስጥ ነኝ። ከቅዳሴ በኋላ ለስብሰባ ተጠርተን፣ ጥግ ይዤ ተቀምጬ እንቅልፍ ጥሎኝ ኖሯል። ሊቀ መንበሩ አቶ ልሳነወርቅ ሁለት እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው ቆመዋል።

«እግዜር ይስጥልን ጋሽ ሽበሺ! ይሄን ያህል ስንለምን እሺ የሚል አንድ ሰው ጠፍቶ ነበር እኮ!»

«ምኑን ነው… እሺ ያልኩት?»

«ሆቴል መብላት ኪሳችንን ያራቁተዋል፤ ሽሮና በሶአችንን ይዘን እንሂድ አላልንም? ለአርባ ሰው የሚያበስል አንድ ሰው ይውጣ አላልንም? ወጡልን! ያውም በጩኸት!»

«ወይ ጉዴ! እኔ እኮ ሽሮ አማስዬ አላውቅም!»

«ሬዲዮ መጠገን ማን አስተማረዎት? ማንም! ራስዎ ነዎት የተማሩት። ሽሮ ከሬዲዮ ይከብዳል?»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ስሜን ጽፎ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

«አንድ ነገር ብቻ» አሉ አቶ ልሳነወርቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሥራው ከንጋት እስከ ማታ ነው። ደጅ ለመሳለም ጊዜ ላይተርፍዎት ይችላል። ስለዚህ የእርስዎን ወጪ ማኅበሩ ይሸፍናል። የከፈሉት ገንዘብ ይመለስልዎ፣ ወይስ ለወይዘሮ ዘርፌ ይዙርላቸው?»

ሰው ሁሉ ወደ ዘርፌ ዞረ። ከሴቶቹ መካከል ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣለች። መጀመሪያ «አይ፣ እኔ ምን በወጣኝ» ትላለች ብዬ አሰብኩ። ሁለተኛ «አይ፣ ደጁን እሱ ይሳለም እንጂ» ትላለች። ሦስተኛውን ግን አልሳሳትም፤ ተነሥቼ እጇን ይዤ፣ በሞቴ ብዬ በሰው ፊት እለምናታለሁ። ከወንበሬ ብድግ ብዬ ተዘጋጀሁ።

«ምን ይላሉ ወይዘሮ ዘርፌ?» አሉ አቶ ልሳነወርቅ።

«እሺ» አለች ዘርፌ። «ፓስፖርቴን ባለፈው ወር አውጥቻለሁ።»