የአያ ይመር ሽልሻሎ

«የተማረ ይግደለኝ» የሚለውን አባባል ማን እንዳመጣው አላውቅም፤ ገበሬ እንዳልሆነ ግን እምላለሁ። ሰሞኑን የልጅ ልጄ «የአገር በቀል ዕውቀት በገጠር ትምህርት ቤት ይሰጥ እየተባለ ነው፤ እርስዎስ ምን ይላሉ አባባ?» ብትለኝ ሳቄ መጣ። እኔ እኮ ዱሮ አስተምሬዋለሁ! ያውም ከጣሊያንኛ እየተረጎምሁ።

በጣሊያን ጊዜ ነው። ደሴ ዳዊት ደግሜ፣ ጣሊያንኛም ለቃቅሜ፣ ኮምቦልቻ በተከፈተ ትምህርት ቤት አስተርጓሚ ሆንሁ። እጄ ሞፈር ነክቶ አያውቅም። የትምህርት ቤቱን ማሳ አያ ይመር የሚባሉ የሐርቡ ሰው በእኩል ያርሱት ነበር፤ የቤታቸው የዓመት ቀለብ እሱ ነው። ታዲያ ማሽላው ጉልበት ሲደርስ፣ አንድ ጧት በሬዎቻቸውን ጠምደው ቡቃያው መሀል ገቡበት።

ጣሊያኑ መምህር እሪ አለ። «አጠፋው! ምን እያደረገ ነው?»

«ሽልሻሎ ነው» አሉ አያ ይመር። «አረሙ ይነቀላል፣ የበዛው ይሳሳል፣ ሥሩም አፈር ያገኛል። ወላሂ፣ ካልተሸለሸለ አያፈራም። ንገርልኝ እንጂ ልጄ!»

እኔ የከተማ ልጅ ማመካኛ መሰለኝ። «መልሼ አርሳለሁ ነው የሚለው» ብዬ አሳጠርሁት። አያ ይመር ግማሹን ብቻ እንደሸለሸሉ ተባረሩ።

በመኸር የተሸለሸለው ግማሽ ፍሬው በዝቶ ራሱን መሸከም አቃተው፤ ያልተነካው አረም ውጦት ቀረ። መምህሩ አይቶ ደብተሩ ላይ ጻፈ። በዓመቱ «አዲስ የአስተራረስ ዘዴ» ብሎ ሰሌዳ ላይ ሣለው፤ እኔም ተረጎምሁ። ተማሪዎቹ የገበሬ ልጆች ናቸውና እየተያዩ ሳቃቸውን ዋጡ። እኔ ግን ያ ጧት ትዝ አለኝና አፈርሁ።

መምህሩ ይባስ ብሎ ዘዴውን ለገበሬው አስተምር ብሎ ሐርቡ ላከኝ። እግሬ የወሰደኝ አያ ይመር ደጅ ነው። ያን ዓመት ከዘመድ እህል እየተበደሩ እንደከረሙ ሰምቻለሁ፤ እሳቸው ግን «መርሐባ» ብለው አስቀመጡኝ። ትምህርቴን አንዴም ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ማሻ አላህ፣ ደግ ነው። ማን አስተማራችሁ?»

«እርስዎ» አልሁ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ።

«ታዲያ ያን ዕለት ምነው ሳትነግርልኝ?»

እሳቸውም አፈር ከለበሱ ቆዩ፤ ያቺ ማሳና ያ ጧት ግን ዛሬም ይናፍቁኛል፣ ተመልሼ በደንብ ብተረጉም እያልሁ። የልጅ ልጄ አሁን አጠገቤ ቁጭ ብላ ትጽፋለች። ይኸው አያ ይመር፣ ነገርሁልዎ።